ሰባት ፏፏቴ አቅደን አራት ያየንበት ጉዞ

የመጀመሪያው ፏፏቴ ደርቆ ጠበቀን። አራት ሰዓት ሙሉ ነድተን፣ መኪናውን አቁመን፣ በጫካው መሃል ሃያ አምስት ደቂቃ በእግራችን ሄደን ስንደርስ ያገኘነው አንድ ትልቅ የቋጥኝ ግድግዳ ነው። መሃሉ ላይ ውሃ ሲወርድበት የኖረ ጥቁር መስመር አለ፤ ከመስመሩ ጫፍ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ከሥር ቅጠል የሸፈነው ኩሬ ተኝቷል። የስምንት ዓመቱ ልጄ ቀና ብሎ አየና "እማ፣ ቧንቧው ተዘጋ እንዴ?" አለኝ። ባለቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ዞር አለ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኛ።

ስልኬን አውጥቼ ያን ልቤን የሰረቀውን ፎቶ እንደገና ከፈትኩት። ነጭ ውሃ ግድግዳውን ሞልቶ ይወርዳል። ፎቶው የተነሳበትን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት እዚያው፣ ቋጥኙ ፊት ቆሜ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው የሄደው የዝናቡ ወቅት ሊያበቃ ሲል ነው፤ እኛ የሄድነው ዝናብ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው። ለሦስት ወር ያየሁት ፎቶ ሌላ ወቅት ነበር ማለት ነው።

በኋላ ሳስበው ነገሩን መንገዱ ራሱ ነግሮኝ ነበር። ወደ ፏፏቴው ከመታጠፋችን በፊት ዋናው መንገድ ላይ አንድ ድልድይ ተሻግረናል። ከሥሩ የነበረው ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። ካርታው ላይ ጣቴን በወንዙ መስመር ባስኬደው ኖሮ፣ ያ ድልድይ የተሠራው ለዚያው ለፏፏቴው ወንዝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ዛሬ ወደ አንድ ፏፏቴ ስንሄድ ከሥር ያለውን ድልድይ ሳላይ አልታጠፍም። ከሥር ድንጋይ ብቻ ከሆነ ከላይም ያው ነው።

ለማቀድ ስትቀመጡ ከርቀቱም ከከፍታውም በፊት አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ዝናብ ብቻ የሚመግበው ትንሽ ጅረት ዝናቡ ካቆመ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክር ይሆናል። ከላዩ ሐይቅ ያለው ግን ሐይቁ እንደ ጎተራ ስለሚያኖርለት ቶሎ አይከዳም። ከምንጭ የሚነሳም እንዲሁ ብዙ አይዋዥቅም። በረዶ እየቀለጠ የሚሞላው ደግሞ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የዮሰሚቲ ፏፏቴ 739 ሜትር ነው፤ በግንቦት አካባቢ ያጓራል፣ በነሐሴ የሄደ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ደረቅ ቋጥኝ አይቶ ይመለሳል።

የሰው እጅ የገባበትም አለ። ጢስ ዓባይን የምታውቁ ይገባችኋል፤ ውሃው ከላይ ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ከዝናብ ወራት ውጪ የሚወርደው ከድሮው ሥዕል ጋር አይገናኝም። ናያጋራ እንኳን የሚወርደው በውል ነው። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት በጎብኚዎች ወቅት ቀን ቀን በሰከንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኩብ ውሃ ይለቀቃል፤ ሌሊትና በቀረው የዓመቱ ክፍል የሚለቀቀው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ፏፏቴ የሥራ ሰዓት ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ውሃ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለትም አይደለም። በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ 1,708 ሜትር ስፋትና 108 ሜትር ከፍታ አለው። በሚያዝያ አካባቢ ወንዙ ዛምቤዚ ሲሞላ ርጭቱ እንደ ጉም ይነሳና ራሱን ፏፏቴውን ይሸፍነዋል፤ የሄደው ሰው በስብሶ ድምፁን ሰምቶ ይመለሳል። በጥቅምት አካባቢ ደግሞ በዛምቢያ በኩል ያለው ግድግዳ አብዛኛው ይራቆታል። ለእኔ ጥሩው ጊዜ ሙላቱ አልፎ ውሃው መጥራት የጀመረበት ነው።

አሁን የማደርገው ቀላል ነው። ጉግል ማፕ ላይ የፏፏቴውን ስም እከፍትና የጎብኚዎችን አስተያየት አዲሱ እንዲቀድም አድርጌ አሰልፋለሁ። የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው ደብዛዛ የስልክ ፎቶ ከየትኛውም ያማረ ፎቶ ይበልጥብኛል። እሱ ከሌለ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር የተነሳውን እፈልጋለሁ። ማደሪያ ስደውልም ስለ ክፍሉ ከመጠየቄ በፊት "ወንዙ እንዴት ነው?" እላለሁ። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ወንዙን በየቀኑ ያየዋል።

አሁን ስለ ሠንጠረዤ ልናገር። ኤክሴል ላይ የሠራሁት፣ ቀለም የተቀባ፣ የምኮራበት ሠንጠረዥ ነበር። ሦስት ቀን፣ ሰባት ፏፏቴ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። በየመሃላቸው ያለውን የመንጃ ሰዓት ከስልኬ ላይ ገልብጬ አስገብቻለሁ። የዘለልኩት ነገር መኪናው ከቆመ በኋላ የሚበላውን ጊዜ ነው። ማቆሚያ መፈለግ፣ ጫማ መቀየር፣ ልጁን ሽንት ማሸናት፣ መሄድ፣ መቀመጥ፣ ማየት፣ የረጠበውን ማድረቅ፣ መመለስ። አንድ ፏፏቴ፣ ከመንገድ ዳር ያለው እንኳን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ወስዶብን አያውቅም። ስልኩ የሚሰጠውም ሰዓት በአስፋልት ላይ ሳይቆሙ ለሚነዱ ነው፤ ኮረኮንችና ጠመዝማዛ ሲሆን እኔ ሲሶ እጨምርበታለሁ። በዚህ ሂሳብ በቀን ሁለት ፏፏቴ ይበቃል። ሦስተኛው ሲመጣ ዓይን ራሱ ይደክማል። በሁለተኛው ቀን ልጄ መኪናው ገና ሲቆም "ይኼኛውም ውሃ ነው?" ብሎኛል።

ሌላው ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ፏፏቴ የተራራ ተቃራኒ ነው። ተራራ ስትወጡ የሚከብደው በመጀመሪያ ነው፤ የደከመው ሰው ካሰኘው ከመሃል ይመለሳል። ወደ ፏፏቴ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በመውረድ ነው። ሁሉም እየሳቀ፣ እየቀለደ ይወርዳል። ዳገቱ የሚጠብቀው በመጨረሻ፣ ልብስ ረጥቦ፣ የያዙት ውሃ አልቆ፣ ጉልበት ዝሎ ነው። ስለዚህ ለመውረድ የፈጀባችሁን ደቂቃ ለመመለስ በእጥፍ አስቡት።

እናቴ አብራን ነበረች፤ ጉልበቷን ያማታል። ሦስተኛው ፏፏቴ ጋ ከሦስት መቶ በላይ የእንጨት ደረጃ አለ፤ የደረጃውን ነገር ያወቅነው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆመን ነው። እናቴ የእጅ መደገፊያውን ይዛ ወደ ታች አየችና "ልጄ፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ፤ እናንተ አይታችሁ ንገሩኝ" አለች። ወርደን አየን። ከምንጭ የሚነሳ ስለሆነ የጠራ፣ እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ውሃ ነበር። ቪዲዮ ቀርጸን አመጣንላት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው፣ "ያምራል" አለች፣ ስልኩን መለሰችልኝ። ያን ቀን ማታ ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ጨመርኩ፦ ሳይወርዱ ከላይ የሚታይበት ቦታ አለ ወይ? መኪናው ከቆመበት ስንት እርምጃ ነው? መቀመጫስ አለው? ይህን በስልክ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ብርሃኑን በተመለከተ ያጠፋሁት ጥፋት ከድርቀቱ ቀጥሎ ያስቆጨኛል። ሁለተኛው ፏፏቴ ከላዩ ሐይቅ ስላለው በደረቁ ወቅትም ሞልቶ ነበር፤ ግን የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ፏፏቴው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ስለሆነ ፀሐይዋ ከገደሉ ጀርባ ገብታ ውሃው ግራጫ ጥላ ውስጥ ነበር። ከጎናችን የቆመ አንድ ወጣት ካሜራውን እየሸከፈ "ጠዋት ነው እንጂ" ብሎን ሄደ። ማደሪያችን እዚያው ቅርብ ስለነበር የሁለተኛውን ቀን ዕቅድ ሰብረን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተመለስን። ያው ውሃ፣ ያው ቋጥኝ፤ ከግማሹ በታች ግን ቀስተ ደመና ተሰክቶበታል። ልጄ ወደ ግራ ሲሄድ ቀስተ ደመናው አብሮት ይሄዳል፤ ሲቆም ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሱ ጋር ሲጫወት ቆየ።

ይህ ዕድል አይደለም፤ ማቀድ ይቻላል። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ነው፤ የራሳችሁ ጥላ ከሚያመለክትበት አቅጣጫ ወደ 42 ዲግሪ ዘወር ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ለሚያየው ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ ለሚያየው ከሰዓት በኋላ። የቆማችሁበት መመልከቻ ከርጭቱ በላይ ከሆነ ፀሐይዋ ከፍ ብላም ወደ ታች ስታዩ ታገኙታላችሁ። ፏፏቴው ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ የሳተላይት ካርታው ላይ ወንዙ ከገደሉ ሥር ወዴት እንደሚፈስ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ወደዚያው ነው። ፎቶ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ ደመና የሸፈነው ቀን ይሻላችኋል። በጠራራ ፀሐይ ነጩ ውሃ ከልክ በላይ ነጥቶ ቅጠሉ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሌንሱን በየደቂቃው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ እኔ ሳላስተውል ግማሹን ፎቶ በጠብታ ውስጥ አንስቼዋለሁ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ወደ ሦስተኛው የሚያወርደው ቁልቁለት ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። ከመሃሉ ስንደርስ እንደ ተቃጠለ ጎማ ያለ ሽታ መጣ። እኔ ከውጪ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ሽታው ባሰ። የራሳችን ፍሬን ነው። ባለቤቴ ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬኑን እየረገጠ ነበር የወረደው። ዳር ይዘን ሃያ ደቂቃ አበረድነውና የቀረውን በከባድ ማርሽ ወረድነው፤ ሞተሩ ራሱ ሲይዘው ፍሬኑ እምብዛም አላስፈለገም። ፏፏቴ ገደል ካለበት አይርቅም፤ ገደል ካለ ቁልቁለት አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬን ሸራውንና ጎማውን የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ፤ ትርፍ ጎማውም ነፋስ እንዳለው አረጋግጡ። ልጅ የሚያስመልሰው ከሆነ ስልክ አታሲዙት፤ ፊት ለፊት ሩቁን እንዲያይ አድርጉ።

አራተኛውን ያላየነው በውሃ ምክንያት ነው፤ መንገድ ላይ ባለ ውሃ። በመጀመሪያው ሌሊት ከላይ ደጋው ላይ ዝናብ ጥሎ ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አራተኛው የሚያስገባውን ጥርጊያ መንገድ አንድ ጅረት ቆርጦት አገኘነው። ስፋቱ ከመኪናችን ርዝመት ብዙም አይበልጥም። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ሥሩ አይታይም። ባለቤቴ "ጉልበት ድረስ አይሆንም፣ እንለፈው" አለ። እኔ እንቢ አልኩ። ተኳረፍን ማለት ይቀላል። አንድ ትልቅ ግንድ ሲንሳፈፍ መጥቶ ፊታችን ሲያልፍ ነው ክርክሩ ያበቃው። እዚህ ላይ ቁጥሩን ያዙልኝ፦ የሚፈስ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ከባድ የሚባለውንም መኪና ይዞ ይሄዳል። ጉልበት ማለት ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ዞረን ተመለስን፤ እስከ ማደሪያችን ድረስ መኪናው ውስጥ ማንም አላወራም።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት አምስተኛው ጋ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ልጄ ከፏፏቴው ሥር፣ ከኩሬው ራቅ ባለ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ድንጋይ እየደራረበ ይጫወታል። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ቦታውን የሚጠብቁ ሸምገል ያሉ ሰው ከላይ ካለው መንገድ "እህቴ፣ ልጁን አሁኑኑ አውጪው!" ብለው ጮኹ። ምን እንዳዩ አልገባኝም፤ ግን ብድግ አልኩ። ልጁን ይዤ ስወጣ ወደ ውሃው ጠቆሙኝ። ከደቂቃዎች በፊት አረንጓዴ የነበረው ወተት እንደገባበት ሻይ ሆኗል፤ ጭራሮና ቅጠል ይዞ መጥቷል። ድምፁም ወፍሯል። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ልጄ የደረደራቸው ድንጋዮች አልታዩም።

"እዚህ ፀሐይ ነው፤ ላይ ግን ይዘንባል" አሉኝ ሰውየው። "ዓይንሽ ሰማዩን ሳይሆን ውሃውን ይይ።" ቀለም ሲቀየር፣ ቆሻሻ ሲመጣ፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ ሳይጠይቁ መውጣት ነው። ግድብ ከላዩ ባለበት ወንዝ ደግሞ ያለ ዝናብም ውሃ ሊለቀቅ ስለሚችል የማስጠንቀቂያ ጽሑፉን አንብቡ፣ ሳይረን ካሰማ አትጠብቁ።

ከፏፏቴው ግድግዳ ሥር መቀመጥም አልወድም። ውሃ ቋጥኙን ሲበላ ነው የሚውለው፤ አንድ ቀን ይወድቃል። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ ባለው በማልትኖማ ፏፏቴ እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 400 ቶን የሚመዝን ቋጥኝ ከላይ ተነቅሎ ኩሬው ውስጥ ወድቋል፤ የተፈናጠረው ውሃና ጠጠር ድልድዩ ላይ የነበሩ ሠርገኞችን አቁስሏል። ከአናቱ ደግሞ ጨርሶ አትጠጉ። ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ አረንጓዴ ልጋግ የለበሰ ስለሆነ ያሟልጫል፤ እዚያ የሚያድን ጫማ የለም።

ዕቃን በተመለከተ አጭር ነኝ። ጫማው ደህና ጎማ ያለው፣ የሚረጥብ ቢሆንም ግድ የሌለው ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው ትርፍ ካልሲ፣ አንድ ፎጣ፣ የረጠበ የሚገባበት ላስቲክ። ካርታውን ቤት እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም። የምትሄዱበትንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉ፤ የሚቀጥለው ማደያ ዝግ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ውጪ ከያዝነው ዕቃ ግማሹን ሳንነካው ነው የመለስነው።

ስድስተኛውን ራሴ ሰረዝኩት። በጠቅላላ ሠንጠረዡ ላይ ረጅሙ እሱ ነበር፤ ከፍታውን አይቼ ነው የመረጥኩት። ግን ሁለት ሰዓት ኮረኮንችና አንድ ሰዓት ተኩል ቁልቁለት ማለት እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ መኪና ውስጥ ትቀመጣለች ማለት ነው። ከፍታ ብዙ ያታልላል። በዓለም ረጅሙ የቬንዙዌላው አንሄል 979 ሜትር ነው፤ መኪና የሚያደርስበት መንገድ የለውም፣ በአውሮፕላንና በጀልባ ነው የሚኬደው። ስዊዘርላንድ ያለው የራይን ፏፏቴ 23 ሜትር ብቻ ነው፤ 150 ሜትር ያህል ሰፍቶ ሲወርድ ሰው ለማየት ከየአገሩ ይጎርፋል።

ሰባተኛውን ያስገባሁት ቁጥር ለመሙላት ነበር። ከመንገድ ዳር፣ አሥር ሜትር የማይሞላ፣ ማንም ፎቶውን የማይለጥፈው። መኪናውን አቁመን ሃያ እርምጃ ብንሄድ አንድ ረጅም የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ ከፊቱ ውሃው በሦስት ደረጃ ይወርዳል። እናቴ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ርጭቱ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። አንድ ሰዓት አለፈ። "እማዬ፣ እንሂድ?" ብላት "ምን አስቸኮለሽ? ሠንጠረዡ ነው?" አለችኝ።

ስለዚህ ስንመለስ መሸብን። ወደ መጀመሪያው ፏፏቴ የሚያስታጥፈው ምልክት በመብራታችን ታየ፤ ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀንሶ አየኝ። ከኋላ ሁለቱም ተኝተዋል። በጨለማ ሃያ አምስት ደቂቃ ጫካ ውስጥ አይኬድም። ያቺ ድልድይ ላይ ስንደርስ ግን መኪናውን አቆመና ሞተሩን አጠፋ። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁት። ከሥራችን፣ ዓርብ ዕለት ነጭ ድንጋይ ብቻ በነበረበት፣ ውሃ እየተንደረደረ ያልፋል። ትንሽ ሰማነውና ቀጠልን።